ተዝካሬ ከተበላ በኋላ የዞርኳት ከተማ

ወንድሜ በቁሜ ተዝካሬን አወጣ። የገዛ በሬዬን አርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ካህናት ጠርቶ፣ አገሩን አብልቶ «ነፍስ ይማር» አስባለብኝ። ከዚያ ቀበሌ ሄዶ ከስሜ ጎን «ሟች» አስጻፈና መሬቴን ወደ ራሱ ደብተር አዞረ። በደሉ ይኸው ነው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም።

ነገሩ የመጣው ከሰሊጥ ነው። ያገሬ ጎልማሳ ሁሉ እንደሚያደርገው ለአጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወረድኩ። ለአንድ አጨዳ ብዬ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ወባ ጣለኝ፤ ተነሣሁ፤ መልሶ ጣለኝ። ባዶ እጄን አገር መግባት ደግሞ አፈርኩ። ስልክ የለኝ፣ መጻፍ አላውቅ። አብሮኝ የወረደ አንድ ያገሬ ሰው በቃሬዛ ስወሰድ አይቶኝ ኖሮ፣ ቀድሞኝ አገር ገባና መርዶዬን አረዳ። ወንድሜ ሰው ልኮ አላስጠየቀም። አርባ ቀን ቆጠረና ደገሰ።

እኔ ከአንበሳሜ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሬ ተጉዤ ሰፈሬ ስደርስ፣ አንዲት አሮጊት ውሃ ተሸክማ ስትመጣ አየችኝ። አማተበችና መንገድ ለወጠች። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በዕድሜ ያባት ያህል ይበልጠኛል፤ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አንቱ እያልኩት ነው ያደግሁት። ግባ አላለኝም። ፍትሐት ያደረሱልኝ ቄስ አጠገቡ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ተዝካር የወጣለት ሰው ተመልሶ አያውቅም» አለኝ ወንድሜ። «ይህን ሁሉ ሕዝብ ምን ልበለው? ውሸት አበላኋችሁ ልበለው?»

ንዴቴ ቀደመኝ። በደብራችን ታቦት ስም፣ በቄሱ ፊት፣ እግሬ ይህን ቀዬ ተመልሶ አይረግጥም ብዬ ማልኩ። እኛ ዘንድ መሐላ እንደ ከተማ ሰው ባፍ ተብሎ የሚረሳ ነገር አይደለም። በታቦት ምሎ ያፈረሰ ሰው በልጁም በከብቱም ይደርስበታል ይባላል። እኔ ልጅም ከብትም አልነበረኝም። መሐላው ብቻ ነበረኝ፣ እሱን ያዝኩ። ወንድሜን አንቱ ማለትም የዚያን ቀን ተውኩ።

አንበሳሜ ተመልሼ አደርኩ። በማግሥቱ ሁለት ሚኒባሶች ይጭናሉ፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር። የደብረ ታቦሩ ቀድሞ ሞላ። ሰዎች እንዴት መጣህ ሲሉኝ ሌላ ታሪክ ይጠብቃሉ፤ ሌላ ታሪክ የለም። ያኛው ሚኒባስ ቀድሞ ቢሞላ ኖሮ ዛሬ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ዓሣ ስበላ ታገኙኝ ነበር።

ድንጋይ ጠረባ ገባሁ። ለመንገድ የሚነጠፈውን ኮብልስቶን በመሮና በመዶሻ አራት ማዕዘን እያወጣን እንደረድራለን። ሥራው መናገር አይጠይቅም፤ ብትናገርም አይሰማም። ሥራ በሌለበት ቀን ግን ጉድ ነው። እቤት ቁጭ ካልኩ ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ያንኑ ነገር ይለኛል፣ ያንኑ እመልስለታለሁ፣ ሁለታችንም አናሸንፍም። ስለዚህ ተነሥቼ እወጣለሁ። ከተማዋን ማወቅ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ ፍቅር ይዞኝ ሳይሆን መቀመጥ አቅቶኝ።

መንገድ ሰው አልጠይቅም ነበር። እኛ አገር መንገድ የጠየቀ ሰው መልሱን ከማግኘቱ በፊት ይጠየቃል፤ አገርህ ወዴት ነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ እገሌን ታውቀው የለ። ይህ ክፋት አይደለም፣ ሰላምታ ነው። እኔ ግን ለሰላምታው መልስ አልነበረኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ብናገር፣ ተዝካሬን የበላ ሰው እዚያው ሊገጥመኝ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ እሄዳለሁ፣ እጠፋለሁ፣ ጠፍቼ ጠፍቼ ያልሆነ አጥር ጓሮ እወጣለሁ። አንድ ቀን የሰው ድንች ማሳ መሐል ብቅ ብዬ ባለቤቲቱ በድንጋይ አባረረችኝ። ትክክል ናት።

እንዲህ እያልኩ ከተማዋን ለቃቀምኳት። ከመናኸሪያው ተነሥቼ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን እወጣለሁ። እዚያ ላይ ስትቆም ቆርቆሮው ሁሉ ከእግርህ ሥር ነው፤ የዛገው፣ አዲሱ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ የዛገው። ከባሕር ዛፉ ማዶ ጉና አለ። ጉና ደመና ከለበሰ ገበያተኛው ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ቁልቁል ወደ ገበያው ስወርድ ድንቹ በየጆንያው፣ ገብሱ በየቁናው፣ ልባሽ ጨርቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ባጃጁ በሰው መሐል ጥሩንባውን እየነፋ አላልፍም ብሎ የሚያልፍበት ነው። ከዚያ በላይ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የተጠበሰ ድንች በወረቀት ይዘው በእንግሊዝኛ ይሳሳቃሉ። የትኛው ጠባብ መንገድ በክረምት ጎርፍ እንደሚሞላ፣ የትኛው አጥር ውሻው እንደሚናከስ፣ የትኛው ዳገት በጭቃ እንደማይወጣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ የጠረብኩት ድንጋይ የት የት እንደተነጠፈም አውቃለሁ። አንዳንዱ ተነቃቅሏል። አነጣጠፉ ነው፣ ጠረባው ደህና ነበር።

አንድ እሑድ ጋፋት ሄድኩ። ቴዎድሮስ መድፉን ያሠራበት ነው ሲባል ስለሰማሁ የሆነ ነገር ይታያል ብዬ ነው። ገብስ አየሁ። የእግር መንገድ አየሁ። አንድ ገበሬ ሞፈሩን እየጠገነ ቁጭ ብሏል። መድፉ የተሠራው የት ላይ ነው አልኩት፤ ከስንት ጊዜ አንዴ አፌን ስከፍት መሆኑ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እዚህም ነው እዚያም ነው፣ ማረሻ እየመታ የሚያወጣው ብረት አለ፣ ከፈለግህ ጎንበስ በልና ፈልግ አለኝ። የማን ልጅ ነህ አላለኝም። እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስመለስ ከተማዋ ከዳገቱ ላይ ጭስዋን እየለቀቀች ስትታየኝ፣ «ወደ ቤት ልግባ» ብዬ አሰብኩ። አስቤም ደነገጥኩ። ቤት የምለው ኖሮኝ አያውቅም ነበር፤ የነበረኝም ተዝካር ተበልቶበታል።

ከተማ መውደድ ምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ የምመልሰው ይህን ነው። ደብረ ታቦር ቆንጆ አይደለችም። ብርዷ አጥንት ይሰብራል፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ፣ መብራቷ እንደ ዘመድ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። ግን አንድም ሰው እኔን አይቶ አላማተበባትም።

ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ መዞር ምክንያት ነው። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በውጭ እዞራለሁ። ጥግ ላይ ለተማሪዎቻቸው ዜማ የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ መምህር አሉ፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። አንድ ቀን በመቋሚያቸው ጠቀሱኝ።

«አንተ ሰውዬ» አሉኝ። «ይህን ቅጥር ስንት ጊዜ ነው የምትዞረው? ኢያሪኮን መስሎህ ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ቀርቤ ኢያሪኮ ማን ነው የኔታ አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ካህናቱ ሰባት ቀን ዞረው ቅጥሯን ስላፈረሷት ከተማ ነገሩኝና፣ መጽሐፉ ላይ አለ፣ ራስህ አንብበው አሉ። አልችልም አልኩ። በዚያ ዕድሜ፣ ሽበት አውጥቼ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አጎዛ ላይ ቁጭ ብዬ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ ማለት ጀመርኩ። ልጆቹ «አባባ ሀሁ» ይሉኝ ነበር። መታገሥ ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ማንበብ ስጀምር ያወቅሁት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የያዝኳት ከተማ ግማሿ ውሸት መሆኗን ነው። ከገበያው በላይ አንድ ሰፊ በር ያለው ቤት አለ፤ ሰዎች ተክዘው ሲገቡበት ስለማይ ፍርድ ቤት ነው ብዬ ደምድሜ በፊቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ኮፍያዬን አውልቄ አልፍ ነበር። የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው። የታመመ በግ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚተክዙት። ሆቴል ያልኩት ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ያልኩት የዘይት መጋዘን ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሁሉን መንገድ እንደ አዲስ መዞር ግድ ሆነብኝ። ጎሚስታ፣ ልኳንዳ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ እዚህ ሽንት መሽናት በሕግ ያስቀጣል። ግድግዳው ሁሉ አፍ አወጣ። በፊት በዝምታ የማልፈው መንገድ አሁን ይለፈልፍብኛል፤ እግሬ በፊትም አያርፍ፣ አሁን ዓይኔም ማረፊያ አጣ።

ባነብ ይሻለኛል ብዬ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። በከተማው የሚኖር ተከራይ ሁሉ እስከ ግንቦት መጨረሻ መታወቂያውን ይዞ እንዲመዘገብ፤ ያላስመዘገበ አከራይ ይጠየቃል። በሙሉ ሕይወቴ በራሴ ዓይን ያነበብኩት የመጀመሪያ ክፉ ወሬ ይህ ነው። ካላነበብኩት ቢያንስ አንድ ሳምንት በሰላም እተኛ ነበር።

አከራዬ ቤሩት ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ከቤቷ ጀርባ ሦስት ክፍል ሠርታ ታከራያለች፣ ከፊት ለፊት ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። የኔን ነገር የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ አንድ ቀን ንዴት ይዞኝ ነግሬያታለሁ። ወረቀቱን እሷም ሰምታ ኖሯል፤ ስገባ ፓስቲውን እያገላበጠች ጠበቀችኝ።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «እኔ ሙት ተከራይ ባልጠላሁ። አይሰክር፣ አይጮኽ፣ ሴት አያመጣ። ግን እኔንም ይጠይቁኛል።»

«ዐውቃለሁ እታለም።»

«ሰው አገር ያለ ወረቀት መኖር ምን እንደሆነ ለኔ አይነገርም። ማዳሜ ፓስፖርቴን ቆልፋብኝ ነበር። አንተ ደግሞ በገዛ አገርህ ላይ። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ አታስቀይመኝ።»

አልተቀየምኳትም። ክፍሉን ካጣሁ ሌላም የሚያከራየኝ የለም፤ ወረቀቱ ለሁሉም ነው። ከተማዋን አጣለሁ ማለት ነው። ወዴት እሄዳለሁ? እንደገና ቆላ፣ እንደገና ወባ።

ቀበሌ ሄድኩ። መዝገብ የያዘችው ልጅ እግር ጸሐፊ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ።

«ከትውልድ ቀበሌዎ መሸኛ ይዘዋል ጋሼ?»

መሸኛ፣ ከነበርክበት ቀበሌ «ይህ ሰው የኛ ነበር፣ ወደ እናንተ ለቀነዋል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ያለሱ የትም አገር አዲስ ሰው አይመዘገብም። ሞቷል ብለው እንደ ጻፉኝ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሳቋን ይዛ እንደነበር አይቻለሁ፤ አልፈርድባትም። ሁለት ነገር ያስፈልጋል አለችኝ። አንደኛ መሸኛው። ሁለተኛ፣ ሞቷል ብሎ ያስመዘገበው ሰው ራሱ መጥቶ በፊቷ፣ በሕይወት ያለው ይህ ሰው ወንድሜ ነው፣ ስሕተቱ የኔ ነው ብሎ መፈረም አለበት። እርስዎ ሄደው ይዘውት ይምጡ አለችኝ።

ሄጄ። እግሬ አይረግጥም ብዬ የማልኩበት ቀዬ ሄጄ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆንኩትን ለማንም አልመኝም። ጠረባው ላይ መሮው እየሳተ ጣቴን መታሁ። ከሥራ ስወጣ እቤት አልገባም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ እዞራለሁ። ዳገት ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ያን ሰሞን ከተማዋን የማያት ሊለያት እንደተነሣ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ማየት ደግሞ አያስደስትም፣ ያናድዳል። ባለ ልኳንዳው ሥጋ ሲሰቅል እንኳ፣ የወር ዕድሜ የቀረኝ እኔ ስሄድ ይህ ሰው እዚሁ ይቀራል ብዬ እናደዳለሁ። እሱ ምን አጠፋ?

በመጨረሻ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የኔታ ቅስናም አላቸው። መሐላዬን ይፍቱኝ አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ በመቋሚያቸው ነክተው አስነሡኝ።

«በታቦት የማልከውን እኔ እንዲሁ በቀላሉ አልፈታልህም» አሉ። «ምን ብለህ ነው የማልከው? ቃሉን ንገረኝ።»

«እግሬ ቀዬውን አይረግጥም ብዬ።»

«እጅህስ ምሏል?»

«እጄማ አልማለም የኔታ።»

«ታዲያ ፊደሉን የቆጠርከው ለጌጥ ነው?»

እንዲህ ሆኖ ነው በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት። የኔታ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ ወንድሜ ማንበብ ስለማይችል፣ ለሱ ብቻ በጓዳ የሚያነብለት አንድ ታማኝ ሰው እንዲፈለግ፣ የወንድማማች ገመና አደባባይ እንዳይወጣ። እሺ አልኳቸው።

አምስት ቀን እየዞርኩ ጻፍኩት። በወረቀት አይደለም፣ በጭንቅላቴ። መናኸሪያው ጋ ስድብ እጨምራለሁ፣ ገበያው ጋ አወጣዋለሁ፣ ዳገቱ ላይ እርግማን ይመጣልኛል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይቀዘቅዛል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ይህ ብቻ ነው፦ «አልሞትኩም። ደብረ ታቦር አለሁ። ሞቷል ያልከው አንተ ነህ፣ አልሞተም የምትለውም አንተ ነህ። መሸኛዬን ይዘህ በሚመጣው ሰኞ መናኸሪያው ጋ ና። ካልመጣህ እኔን ሁለተኛ ገደልከኝ።»

ፖስታው ላይ ግን የኔታን ሳልታዘዝ ጻፍኩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ በሰንበቴው ማኅበር ፊት ይነበብ» ብዬ። ተዝካሬን በልተው «ነፍስ ይማር» ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ዐውቄ ነው ያደረግሁት። ለአንበሳሜ ሚኒባስ ረዳት ሰጠሁት፣ እሱ ለገበያተኛ ይሰጣል።

ሰኞ ደረሰ። መናኸሪያው ጋ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምኩ። አልመጣም። በሚቀጥለው ሰኞም ቆምኩ። ከእያንዳንዱ ሚኒባስ የሚወርደውን ሰው በፊት እግሩን አይ ነበር፤ የወንድሜን አረማመድ ዐውቀዋለሁ። አልመጣም። አከራዬ ሻይ ልካልኝ ነበር፣ አልጠጣሁትም። ምናልባት ደብዳቤው አልደረሰም፤ ምናልባት ደርሶ አነበቡትና እሳት ውስጥ ጣለው። በየቀኑ ሁለቱንም አምናለሁ። ወሩ ሊያልቅ ነበር።

በሦስተኛው ሰኞ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ከሚኒባስ ሲወርድ እግሩ አላሳወቀኝም። አርጅቷል። ጉልበቱ ተጣሟል። ባጃጅ ሲያልፍ ዘሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ፊቱን አየሁና ወንድሜ መሆኑን አወቅሁ። ቀድሞ ሰላም ያለው ማን እንደሆነ አላስታውስም። እጅ አልተጨባበጥንም።

ቀበሌው ከመናኸሪያው ሁለት ቅያስ ነው። እኔ ግን ረጅሙን መንገድ ወሰድኩት። ክፋት ነው ብትሉኝ ክፋት ነው። በገበያው በኩል፣ በጠረብኩት ድንጋይ ላይ፣ ዳገቱን ወደ ኢየሱስ። ከዘራውን እያስነካ፣ እያለከለከ ይከተለኛል። መንገድ ስንሻገር እጅጌዬን ያዘ፣ ከተሻገርን በኋላም ለትንሽ ጊዜ አልለቀቀም። ዳገቱ ወገብ ላይ አልቻለምና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከተማዋን ቁልቁል አያት።

«ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የለመድከው?» አለ።

«ከሞተ ሰው ጋር ማን ይዞራል?»

ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። ደብዳቤውን ዲያቆኑ ደጀ ሰላሙ ላይ ጮክ ብሎ አንብቦታል። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያ የበላነው የማንን ነው?» አሉ። ሁለት ሰኞ ያልመጣው ከቤት መውጣት አፍሮ ነው። ከዚያም ቀበሌው ስብሰባ ላይ አቁሞ አስለፈለፈውና መሸኛውን ሰጠው። ይህን ሲነግረኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር፣ እስከሚቀጥለው ቃሉ።

«የተዝካሩ ዋዜማ አንድ የጨው ነጋዴ መጣ» አለ። «መተማ አይቼዋለሁ፣ ከስቷል እንጂ ቆሞ ይሄዳል አለኝ።»

«ማለት ታውቅ ነበር?»

«ጠላው ደርሶ ነበር። በሬው ታርዷል። ካህናቱ ከሦስት ደብር ተጠርተዋል። ሰው ከወንዝ ማዶ ሳይቀር መንገድ ጀምሯል። ምን ብዬ ልመልሰው?»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ነጋዴውን በደንብ አብልቼ ሸኘሁት።» ከዘራውን መሬት ላይ አሽከረከረ። «ስትሞት አለቀስኩ። ስትመጣ አፈርኩ። ሐፍረቱ ባሰኝ።»

ስንት ዓመት ሙሉ በመሬት ነው ያልኩት። ለመሬት ወንድሙን የገደለ ሰው ማለት ያለ ነው፤ በየፍርድ ቤቱ አለ፤ እንዴት እንደሚጠላ አውቃለሁ፤ ተለማምጄዋለሁ። እኔ የሞትኩት ለካ ለጠላ ነው። ጠላው እንዳይሆምጥ። ለዚህ የሚሆን ጥላቻ አላዘጋጀሁም። ተነሥ፣ ቢሮው ሳይዘጋ እንድረስ አልኩት።

ጸሐፊዋ መሸኛውን ተቀብላ፣ የወንድሜን ቃል ጻፈች። ቀለሙን ወደሱ አስጠግታ በፍጥነት አነበበችለት። አውራ ጣቱን ዘረጋ። ቆይ አልኩ። ወረቀቱን ስጪኝ አልኳት። እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «በሕይወት የሚገኘውን ወንድሜን ሞቷል በማለት ያስመዘገብኩት እኔ ስሆን።» ይህን ሰምተሃል አልኩት። ሰምቻለሁ አለ። ቀጣዩን አነበብኩ። ሰልፍ የያዙት ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዱ ይኸ ሰውዬ ቅዳሴ ሊቀድስብን ነው አለ። አላቆምኩም። ከደግነት አይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ቃል እንዲገባው ፈልጌ ነው። ደግሞም ሰው ባልሰማው ነገር ላይ ጣቱን ማኖር የለበትም። ሲያልቅ ጣቱን ነከረና አኖረ። 

ወደ መናኸሪያው በአጭሩ መንገድ መለስኩት። መሬቱን ግማሹን ውሰድ አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ውሸት ነው፣ እፈልገዋለሁ። ግን የማልረግጠውን መሬት ምን አደርገዋለሁ? ሽማግሌ ልኬ ቄሱ መሐላህን ይፍቱልህ፣ መጥተህ አንድ ጊዜ ከቤቴ ብላ አለኝ። እዚያ ቤት በስሜ ብዙ ተበልቷል አልኩት። አልተቆጣም። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቡ ቆምኩ። የመስኮቱን ዳር ይዞ፣ ጉና ላይ ያለውን ደመና እያየ፣ «ብርድ ነው አገርህ» አለኝ። አዎ ብርድ ነው አልኩት። ሄደ።

ያን ቀን እስኪመሽ ዞርኩ። ጸሐፊዋ ፎቶና ማኅተም ቀርቷል፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ ብላኝ ነበር። በቀጠሮዬ ሄድኩ፤ መታወቂያዬ ደርሷል። ስሜን ራሴ አነበብኩ፣ የትውልድ ቦታዬን አነበብኩ፣ «የመኖሪያ አድራሻ፦ ደብረ ታቦር» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። ለአከራዬ አሳየኋት፤ አገላብጣ አየችውና በአካል ከማይህ ይልቅ ፎቶው ላይ ትስቃለህ አለችኝ። አልሳቅሁም ነበር። ነገሩ ያለቀው ረቡዕ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም. ነው።